ሰጥቶ የሚቀበል ሙጫ፤ ስለ አዮን ለዋጭ ፖሊመሮች አሠራርና ምርመራ



በእጄ የያዝኋትን ይህችን ብልቃጥ ከሩቅ ለሚያይ ሰው በውስጧ ያለው ነገር ቀይ ጤፍ ይመስለዋል፤ ቀርቦ በመዳፉ ላይ አፍስሶ ቢመለከተው ግን እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ዶቃ የከበበ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ወርቅ የመሰለ ቡናማ መልክ ያለውና እርጥበት ያዘለ መሆኑን ያስተውላል። ይህ ከነዳጅ ዘይት በተገኘ ፈሳሽ ተሠርቶ ባሕርዩ በሰልፈሪክ አሲድ የተለወጠ ሙጫ ነው። ውሃም ሆነ አልኮል አያሟሟውም፤ ነገር ግን ጠጣር ውሃ በላዩ ሲያልፍ በውሃው ውስጥ የነበረውን ካልሲየም ወደ ራሱ ስቦ በምትኩ በእርሱ ዘንድ የነበረውን ሶዲየም ይሰጣል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራና፣ ከተሠራም በኋላ ሥራውን በእውነት መሥራቱ በምን እንደሚመረመር ነው። ሁለቱን ነጣጥዬ የማልናገረው፣ በእኔ አስተያየት፣ ያልተለካ ለዋጭ ሙጫ ገና ሙጫ እንጂ ለዋጭ ሊባል ስለማይገባው ነው።

አስቀድሜ ስለ አዮን ጥቂት ልበል። የገበታ ጨው በውሃ ሲሟሟ ከዓይናችን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም፤ ሁለት ወገን ሆኖ ይለያያል፤ አንደኛው ወገን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሶዲየም፣ ሁለተኛው አሉታዊ ሙል ያለው ክሎራይድ ነው። እንዲህ ሙል ይዞ በውሃ ውስጥ የሚመላለስ ረቂቅ አካል አዮን ይባላል። በማንቆርቆሪያችን ግርጌ እየተጋገረ የሚያስቸግረን ነጭ ቅርፊት፣ የልብስ ሳሙናም አረፋ አልመታ እንዲል የሚያደርገው፣ በአመዛኙ የካልሲየምና የማግኒዚየም አዮኖች ሥራ ነው፤ እነዚህም እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሙል ይይዛሉ። ስለዚህ አንድ ካልሲየም ወደ ሙጫው ሲገባ ሁለት ሶዲየም መውጣት አለባቸው፤ አንድ ብቻ ቢወጣ፣ ወይም ሦስት ቢወጡ፣ በሙጫውና በውሃው ውስጥ ያለው የሙል ሚዛን ይፈርስ ነበርና ተፈጥሮ ይህን አትፈቅድም። አባቶቻችን አሞሌ ጨው ይዘው ገበያ ሲወጡ ሻጭና ገዢ በቍጥር እስኪስማሙ ድረስ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እንዳልተላለፈ ሁሉ፣ በዚህም ገበያ ልውውጡ የሚፈጸመው በትክክል ተቈጥሮ ነው። የምርመራው ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ሥርዓት ላይ ስለ ሆነ፣ ይህን ነገር እስከ ንግግሬ ፍጻሜ በልባችሁ እንድትይዙት እለምናችኋለሁ።

ስለ ነገሩ አመጣጥ የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 የተጻፈውን፣ ሙሴ በማራ መራራውን ውሃ እንጨት ጥሎ ያጣፈጠበትን ታሪክ ያስቀድማሉ። እኔ ያንን ተአምር በኬሚስትሪ መስፈሪያ ልሰፍረው አልደፍርም፤ ሊቃውንቱ እንዲያነሡት ያደረጋቸው ግን ውሃ በውስጡ በገባ ነገር ጠባዩን መለወጡ የሰውን ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲያስደንቀው የኖረ ጉዳይ መሆኑ ይመስለኛል።

በሚዛንና በመስፈሪያ የተጻፈው ታሪክ የሚጀምረው ከእርሻ አፈር ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክሺር ርስት የነበረው ቶምሰን የተባለ ባለ እርሻ፣ ለማዳበሪያ የሚሆነውን የአሞኒያ ጨው በውሃ አሟሙቶ በአፈር ዐምድ ላይ ባፈሰሰው ጊዜ ከሥር የወጣው ፈሳሽ የገባው አልነበረም፤ አሞኒያው በአፈሩ ውስጥ ቀርቶ በምትኩ የካልሲየም ጨው ወጣ። ይህን የሰማው የንጉሣዊው የእርሻ ማኅበር ኬሚስት ጆን ቶማስ ዌይ ነገሩን በሰፊው መርምሮ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1850 እና በ1852፣ ልውውጡ በእኩል መጠን የሚፈጸም መሆኑን በጽሑፍ አስታወቀ። ዌይ የተወሰደው ነገር ተመልሶ አይለቀቅም ብሎ ያምን ነበር፤ በ1858 ግን ጀርመናዊው አይክሆርን ነገሩ የሚመለስ መሆኑን አሳየ። ለእኔ ከሁለቱ ግኝቶች የሚበልጠው የኋለኛው ነው፤ ልውውጡ የማይመለስ ቢሆን ኖሮ ሙጫችን አንድ ጊዜ ሞልቶ የሚጣል ነገር ይሆን ነበርና። በአገራችን ደጋ በክረምት የሚያጣብቀው፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር የመረሬ አፈርም ይህንኑ ልውውጥ በብዛት የሚያካሂድ ሸክላ ያለበት ስለ ሆነ፣ ከዕፀዋት ምግብ ውስጥ ካልሲየምንና ፖታሲየምን ይዞ ለሥሮች ቀስ እያለ የሚያካፍለው በዚሁ ምስጢር ነው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሮበርት ጋንስ በበርሊን የአፈሩን ሸክላ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማዕድን አዘጋጅቶ ለውሃ ማለስለሻ አዋለው፤ ነገር ግን ያ ማዕድን በአሲድ ውስጥ ይፈራርስ ነበር። ከዚያም ሌሎች የድንጋይ ከሰልን በሰልፈሪክ አሲድ እየለወጡ ሞከሩ። እውነተኛው መለወጫ ነጥብ የመጣው በ1935 ነው፤ በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር ቴዲንግተን በነበረው የኬሚካል ምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩት አዳምስና ሆልምስ፣ ከፌኖልና ከፎርማልዲሃይድ የተሠራ ሙጫ አዮን የሚለውጥ መሆኑን አስታወቁ። ለሐሳቡ መነሻ የሆናቸው ተሰብሮ የደቀቀ የግራሞፎን ሸክላ ነው ተብሎ ይተረካል። ፍሬ ነገሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬሚስቱ ለዋጭ ነገርን ከምድር ፈልጎ ማግኘቱ ቀርቶ፣ እንደ ፈቃዱ ንድፍ አውጥቶ የሚሠራው መሆኑ ነው። በ1944 በአሜሪካ የፈጠራ መብት የተሰጠው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስት ጋኤታኖ ዳሌሊዮ ደግሞ ሥራውን ወደ ስታይሪን አሻገረው፤ በብልቃጤ ውስጥ ያለውም የዚያ ዘር ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ስታይሪን እንደ ውሃ የሚፈስ፣ የሚከረፋ ፈሳሽ ነው። የስታይሪን ሞለኪዩሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሠሩ ፖሊስታይሪን ይባላሉ፤ ሰንሰለቶቹ ግን እርስ በርሳቸው ያልታሰሩ ስለ ሆኑ፣ በዚያው ቢቀሩና በኋላ ውሃ ወዳድ ቢደረጉ፣ በውሃ ውስጥ ተበትነው ይሟሙ ነበር። ስለዚህ ከስታይሪኑ ጋር ዳይቪናይልቤንዚን የሚባል፣ ሁለት እጅ ያለው ሌላ ፈሳሽ ይቀላቀላል፤ እርሱም በአንድ እጁ አንዱን ሰንሰለት በሌላ እጁ ሁለተኛውን እየያዘ ሁሉን በአንድ መረብ ያስራል። የተለመደው መጠን ከመቶ 8 ያህል ነው። ስፌት የምትሰፋ ሴት አክርማውን በጣም ካጠበቀችው ስፌቱ እንደሚደርቅ፣ ካላላችው ደግሞ ቅርጹን እንደማይዝ፣ ማሰሪያው ሲበዛ ሙጫው ጠንካራ ይሆናል ነገር ግን አዮኖች በውስጡ የሚመላለሱበት መንገድ ይጠብባቸዋል፤ ሲያንስም ሙጫው በውሃ ውስጥ እንደ ራሰ ሽምብራ ያብጥና ይለሰልሳል።

ሁለቱ ፈሳሾች ከተቀላቀሉ በኋላ ጥቂት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ይጨመርባቸዋል፤ ይህ ሲሞቅ ተሰንጥቆ የሰንሰለቱን መያያዝ የሚያስጀምር ነው። ድብልቁ በሞቀ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሳይቋረጥ ይማሰላል፤ ዘይትና ውሃ አይዋሐዱምና ፈሳሹ በጠብታ በጠብታ ይከፋፈላል፤ ጠብታዎቹም እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ በውሃው ውስጥ አስቀድሞ ጄላቲን ወይም ይህን የመሰለ ነገር ተሟሙቶ ይቆያል። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆኖ ለሰዓታት ሲቆይ እያንዳንዱ ጠብታ በያለበት ይጠነክርና ክብ ዶቃ ይሆናል። የዶቃው መጠን የሚወሰነው በማማሰያው ፍጥነት ነው፤ ሲፈጥን ዶቃው ይደቅቃል፣ ሲዘገይ ይተልቃል። በወንፊት ተነፍቶ ከሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር እስከ አንድ ሚሊሜትር ከጥቂት ያለው ይመረጣል። እስከዚህ ድረስ የተገኘው ነጭ ወይም ቀለም የለሽ፣ ውሃ የማይወድ፣ ምንም የማይለውጥ ዶቃ ነው።

ባሕርዩ የሚለወጠው በሚቀጥለው እርምጃ ነው። ደረቁ ዶቃ ዳይክሎሮኢቴንን በመሰለ ፈሳሽ ውስጥ እንዲያብጥ ተደርጎ፣ ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮበት፣ ወደ 100 ዲግሪ በተጠጋ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ በእያንዳንዱ የቤንዚን ቀለበት ላይ አንድ የሰልፎኒክ አሲድ ቡድን ይተከላል። ይህ ቡድን ከሰንሰለቱ ጋር በማይፈታ ማሰሪያ የተያያዘ አሉታዊ ሙል ሲሆን፣ አጠገቡ ያለው የሃይድሮጂን አዮን ግን ነጻ ነው፤ ሌላ አዎንታዊ አዮን ሲመጣ ቦታውን ለቆለት ይወጣል። ቀድሞ ውሃን ይጠላ የነበረው ዶቃ አሁን ከክብደቱ ገሚስ ያህሉ ውሃ እስኪሆን ድረስ ይጠጣል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ስፍራ በተማሪነቴ ዘመን ከደረሰብኝ ልናገር። አሲዱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ለማጠብ ቸኩዬ ዶቃውን በቀጥታ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ገለበጥሁት። በማጉያ መነጽር ስመለከተው ሦስት ቀን የደከምሁበት ሥራ ሁሉ የተሰነጠቀና የተከፈለ ስባሪ ሆኖ አገኘሁት። በዶቃው ውስጥ ያለው ጠንካራ አሲድ ውሃን በኃይል ስለሚስብ፣ ሲቀላቀልም ስለሚግል፣ ዶቃው ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈነዳል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ በቀጠነ አሲድ፣ ቀጥሎ ይበልጥ በቀጠነ፣ እያለ እያለ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የሙጫ ሠሪን ብቃት የምመዝነው ስለ አጣጠቡ በሚሰጠኝ መልስ ነው።

አሉታዊ አዮንን የሚለውጠው ወንድሙ በሌላ መንገድ ይሠራል፤ በቀለበቱ ላይ በመጀመሪያ ክሎሮሜቲል የሚባል ቡድን ይተከላል፣ ቀጥሎም በአሚን ተለውጦ አዎንታዊ ሙል ይይዛል። ሁለቱን፣ ሃይድሮጂን የሚሰጠውንና ሃይድሮክሳይድ የሚሰጠውን፣ ውሃው በተራ ቢያልፍባቸው፣ ሃይድሮጂኑና ሃይድሮክሳይዱ ተዋሕደው ራሳቸው ውሃ ስለሚሆኑ፣ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ይወርዳል። ነገር ግን ለመጀመሪያው እርምጃ ሲያገለግል የኖረው ክሎሮሜቲል ሜቲል ኤተር የተባለው ነገር፣ በውስጡ ከሚገኘው ከቅርብ ዘመዱ ጋር፣ በሰው ሳንባ ላይ ነቀርሳ የሚያመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የታወቀው ሠራተኞች ከታመሙና ከሞቱ በኋላ ነው። በ1974 የአሜሪካ መንግሥት በሥራ ቦታ ጥብቅ ቍጥጥር ከሚደረግባቸው የነቀርሳ አምጪዎች ጋር ሁለቱንም መዘገባቸው። ውሃን ለማንጻት የሠራነው ነገር የሠሪውን ትንፋሽ የመረዘበት ዘመን እንደ ነበረ ሳልናገር ማለፍ ለእነዚያ ሰዎች የሚገባቸውን መንፈግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙጫው ከተሠራ በኋላ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ስንት ይይዛል?» የሚል ነው። መመርመሪያው ውድ መሣሪያ አይሻም፤ ሚዛን፣ ቢዩሬት፣ የታወቀ ኃይል ያለው አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ጠቋሚ ቀለምና ትዕግሥት ይበቃሉ። ሙጫው በመጀመሪያ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ወደ ሃይድሮጂን ይለወጣል፤ የታጠበበትም ውሃ አሲድነት እስኪያጣ ድረስ በንጹሕ ውሃ ይለቃለቃል። ከዚያ ከአንዱ ናሙና ሁለት መንትያ ይመዘናል። አንዱ በ105 ዲግሪ ምድጃ ደርቆ የውሃው ድርሻ ይታወቅበታል፤ ሁለተኛው ሳይደርቅ ለዋናው ምርመራ ይቀመጣል፤ በምድጃ የቆየ ሙጫ ከሙቀቱ የተነሣ ጠባዩ ሊዛባ ይችላልና አንዱን ናሙና ለሁለቱም ማዋል አይገባም።

ለምሳሌ ደረቅ ክብደቱ 1 ግራም በሆነ ሙጫ ላይ የገበታ ጨው የተጨመረበት 200 ሚሊሊትር አንድ አሥረኛ ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አፍስሰን፣ አየር እንዳይገባው ከድነን፣ ሌሊቱን እናሳድረው። በማግስቱ ከላዩ 50 ሚሊሊትር ቀድተን፣ ሁለት ጠብታ ፊኖልፍታሊን ጨምረን፣ ጽጌረዳ የመሰለው ቀለም እስኪጠፋ ድረስ በአንድ አሥረኛ ኖርማል አሲድ እንለካው። ሙጫው ምንም ባይወስድ 50 ሚሊሊትር አሲድ በፈጀ ነበር፤ የፈጀው ግን 38 ቢሆን፣ የጎደለው 12 ሚሊሊትር ከሙጫው ውስጥ የወጣው ሃይድሮጂን ሥራ ነው፤ ይህም 1.2 ሚሊኢኪቫለንት (ኢኪቫለንት ልውውጡ በሙል ቍጥር የሚሰፈርበት መለኪያ ነው) ሲሆን፣ የቀዳነው ሩቡን ብቻ ስለ ነበረ በ4 ሲባዛ 4.8 ይሆናል። እንግዲህ የዚህ ሙጫ የመያዝ ዐቅም በግራም 4.8 ሚሊኢኪቫለንት ነው። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ቡድን ሳይጎድል ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ቍጥሩ 5.4 በደረሰ ነበር፤ የማሰሪያውን ክብደት ለጊዜው ትተን ብናሰላው፣ 4.8 ማለት ከአሥር ቀለበት ስምንት ያህሉ ቡድን አግኝቷል ማለት ነው። በመረብ ውስጥ ተሰውሮ በዓይንም ሆነ በማጉያ መነጽር ሊታይ የማይቻለው የአሲዱ ሥራ፣ ቀለም በጠፋበት በዚያ አንድ ጠብታ ተቈጠረ። እኔ በዚህ ሙያ ስኖር ከዚህ ሰዓት የበለጠ ልቤን ደስ የሚያሰኘው ነገር የለም።

ቍጥሩም የሚያወራው በዚህ አያበቃም። በእርጥብ ሁኔታው አንድ ሊትር ሙጫ ሁለት ኢኪቫለንት ያህል ይይዛል፤ የካልሲየም ኢኪቫለንት 20 ግራም ስለ ሆነ 40 ግራም ካልሲየም መሆኑ ነው። በሊትር 100 ሚሊግራም ካልሲየም ያለበት ውሃ ከሆነ፣ ያ አንድ ሊትር ሙጫ በሐሳብ ደረጃ 400 ሊትር ያለሰልሳል። በሐሳብ ደረጃ ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ሙጫው በብርጭቆ ዐምድ ውስጥ ተሞልቶ ውሃው ከላይ ሲለቀቅበት የሚወርደውን እየቀዱ በኤሪዮክሮም ብላክ ቲ ቢመረምሩት፣ ለረጅም ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ቆይቶ አንድ ጊዜ ወደ ወይን ጠጅ ቀይ ይለወጣል፤ ካልሲየም ማምለጥ ጀመረ ማለት ነው። ይህ የማምለጫ ነጥብ ከ400 ሊትር ቀድሞ ይደርሳል፤ ውሃው በፈጠነ ቍጥርና ዶቃው በተለቀ ቍጥር ደግሞ ይበልጥ ይቀድማል፤ አዮኑ እስከ ዶቃው እምብርት ለመድረስ ጊዜ ያስፈልገዋልና። ከዚያ በኋላ ጠንከር ያለ የጨው ውሃ ሲያልፍበት ካልሲየሙን ለቆ ሶዲየሙን መልሶ ይቀበላል፤ አይክሆርን ያየው መመለስ ይህ ነው። መሙላቱና ማደሱ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ዐቅሙ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ስንቱም ዶቃ እንደሚሰበር መታየት አለበት።

ሙጫው ሁሉን አዮን በአንድ ዓይን አያይም። ሰልፎኒክ ቡድን ያለው ሙጫ ከሊቲየም ይልቅ ሶዲየምን፣ ከሶዲየም ይልቅ ፖታሲየምን፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ካልሲየምን ይመርጣል። ይህ አድልዎ በጥንቃቄ ሲያዝ መለያያ መሣሪያ ይሆናል። እርስ በርሳቸው እንደ መንትያ የሚመሳሰሉትን ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች በ1940ዎቹ በአዮዋ ኬሚስቱ ስፔዲንግና ጓዶቹ በዚህ መንገድ ለያይተዋል፤ በ1945 በቴነሲ ኦክ ሪጅ ፕሮሜቲየም የተለየው፣ በ1955 በበርክሌይ ሜንዴሌቪየም የታወቀው በሙጫ ዐምድ ላይ ነው፤ የኋለኛው በዚያን ጊዜ የተገኘው 17 አቶም ብቻ ነበር። የፕሮቲን ፍርስራሾችን እየለየ የሚቈጥረውን፣ ስታይንና ሙር የተባሉ ኬሚስቶች የሠሩትን ዐምድም የኬሚስትሪ ተማሪዎች ያውቁታል።

ይኸው አድልዎ በአገራችን ጉዳይ ላይ ግን በተቃራኒው ይመጣብናል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጕድጓዶች የሚገኘው ውሃ፣ የዓለም የጤና ድርጅት ከወሰነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ ስላለበት፣ ጥርስን ሲያበልዝ አጥንትንም ሲያጣምም ኖሯል። አንድ ሰው አሉታዊ አዮን የሚለውጠውን ተራ ሙጫ ይዞ ቢመጣ፣ ፍሎራይድ በሙጫው ዘንድ በተመራጮቹ ሰልፍ መጨረሻ አካባቢ የሚቆም ስለ ሆነ፣ የሸለቆው ውሃ የሞላበት ባይካርቦኔት ቦታውን ቀድሞ ይይዝበትና ሙጫው ሞልቶ ፍሎራይዱ እንደ መጣ ያልፋል። በዚህ ምክንያት ለፍሎራይድ የተሻሉት የነቃ አሉሚናና የከሰለ አጥንት ሆነው ተገኝተዋል፤ የአጥንቱም ሥራ ራሱ ልውውጥ ነው፤ በማዕድኑ ውስጥ ያለውን ሃይድሮክሳይድ ሰጥቶ ፍሎራይዱን ይቀበላል። ምርጫውን በብልቃጥ ውስጥ ያለው ነገር መልኩ ማማሩ ሊወስንልን አይችልም።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ የቀበሌያችሁና ወደ የትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ፣ ማንም ሰው የውሃ ማጣሪያ ይዞ ቢመጣባችሁ፣ ለየትኛው አዮን እንደ ተሠራ፣ አንዱ ሊትር ስንት ኢኪቫለንት እንደሚይዝ፣ በእናንተው ጕድጓድ ውሃ በዐምድ ተሞክሮ በስንተኛው ሊትር ማምለጥ እንደሚጀምር፣ ሲታደስ የሚወጣውም የጨው ውሃ የት እንደሚፈስ ጠይቁት፤ መልሱን በወረቀት ካላሳያችሁ፣ ቢዩሬት ያለበት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በአጠገባችሁ አለና ናሙናውን ወስዳችሁ ራሳችሁ ለኩት።